የሻሮን ሻሸመኔ

«እማዬ፣ እኛ ጃማይካዊ መሆን አንችልም?» አለችኝ ልጄ ሣራ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትገባ። አፓርታማ እንቀይር የምትል ነው የምትመስለው! የጎረቤቱን ዕቃ የሚመኝ ሰው ሞልቷል፤ የጎረቤቱን አገር የሚመኘው ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤቷ ሻሮን ናት። እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የጃማይካ ልጅ፤ ከሣራ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ሣራ አነጋገሯንም አረማመዷንም ከእሷ ቀዳች። እኔም በጸሎቴ መሐል የሻሮንን ስም አነሳ ጀመር፤ ለምርቃት እንዳይመስላችሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት የሻሮን እናት ሚስ ግሬስ በሬን አንኳኳች። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው፤ ባርኔጣዋን እንኳ አላወለቀችም። ልጅሽ ልጄን ወሰደችብኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ የእናንተ ቤት ልጄን ወሰደብኝ አለች! ፋርማሲስት እሆናለሁ ስትል የኖረች ልጅ፣ የራስታ አጎቷ ወሬ ላይ ቤታችን ስትመጣ የሰማችውን የእኔን የአገር ቤት ጨዋታ ጨምራ፣ ትምህርቴን ትቼ ሻሸመኔ ሄጄ አርሳለሁ ብላለች። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልነካም ትላለች አሉ። ይሄን ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ውስጤ ደስ አለው። የእኔይቱን በጾም ቀን ከበርገር ቤት የሚያስጥላት ጠፍቶ የለ? ግን ሚስ ግሬስ ማልቀስ ጀመረች። የእናት እንባ ደግሞ አገር የለውም።

ሻሮንን ከላይ አስጠራናት። በዚያች እንግሊዝኛዬ መከርኳት። አገሬ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እጅ ነሥታ ትቀበላለች፣ እርፍ ጨብጠሽ ስለማታውቂ ግን በሬውም ይስቅብሻል አልኳት። ትምህርት የሌለበት እርሻ «ላም አለኝ በሰማይ» መሆኑንም ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ላሟ ሰማይ ምን ልታደርግ ወጣች ብላ ጠየቀችኝ እንጂ።

ቀጥላ፣ እማማ፣ እርስዎስ ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆሙት አለችኝ። ስድስተኛ፣ አልኩ ቀስ ብዬ። አይቆጭዎትም? እንዴት አይቆጨኝ! እንግዲያው ትምህርት ቤታችን ጠዋት ጠዋት እናቶችን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እርስዎ ከገቡ እኔም አላቋርጥም አለች። እኔ ምክር ላይ ያለሁ መስሎኝ፣ ለካ ገበያ ላይ ነኝ! አጠገባችን ሆና ስትሰማ የቆየችው ሣራ «ኖ ዌይ!» ብላ ጮኸች። ሚስ ግሬስ ግን እንባዋን ጠርጋ ታየኝ ጀመር፤ የልጇ ዕድል እኔ እጅ ላይ የወደቀ ይመስል። እንደዚያ እየታየሁ እምቢ የምል ሰው ነኝ?

በማግሥቱ ጠዋት አማትቤ፣ የሣራን አሮጌ ቦርሳ አንግቤ ከልጆቹ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሣራ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ እማዬ ፕሊስ፣ እናቴ መሆንሽን ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ። ሻሮን ሰምታ ኖሮ ግድ የለም፣ የኔ ናት እላለሁ አለች። ምን ላድርግ? ያላፈረችብኝ ልጄ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ።