ሞቷል ባዩ ሙሃንዲስ

የመኪና መመርመሪያ ስካነር ከያዘ ሰው ይሰውራችሁ! የኛ ጋራዥ አለቃ ሙሃንዲስ ጀማል አንዱ ነው። ስካነሩ «ግንኙነት የለም» ካለ፣ እሱ ጉንጩን በጫት ወጥሮ «ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ይላል። የመኪናው ኮምፒዩተሮች ለምን እንዳልተነጋገሩ መመርመር? ምን በወጣው! ሐኪም እንኳ ሞተ ከማለቱ በፊት የልብ ትርታ ያዳምጣል።

ባለፈው ሰዒድ የሚባል የወሎ ልጅ ታክሲውን እያስገፋ ኤደን ከተማ፣ አል-ሚምዳራ ሰፈር ወዳለው ጋራዣችን መጣ። እንጀራው እሷ ናት። ጀማል ስካነሩን ሰክቶ፣ «የመኪናዋ ሦስቱም ኮምፒዩተሮች ሞተዋል። በብረትነት ሽጣት፣ ሀቢቢ» አለው።

«ወላሂ፣ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

እኔ ረዳቱ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ሽቦ ፈታሁት። የኤደን የባሕር ጨው በልቶት አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መልሼ ሳስረው ለኮምፒዩተሮቹ የተቋረጠው ኤሌክትሪክ ተመለሰ። መኪናዋ ተነሳች፤ ሦስቱም ሟቾች ለስካነሩ መልስ ሰጡ።

ጀማል ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረና፣ «አየህ? ስካነሬ ሲነካቸው ነቁ» አለ።

ሰዒድ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? እያለቀሰ የጀማልን ግንባር ሳመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ሽቦ ከምትፈትግ ከእሱ ተማር!» አለኝ።