በረኛውን ያባረረው ሰርቨር

ሰው የቤቱን ጌታ ፈልጎ መጥቶ በረኛውን ተቆጥቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጅቡቲ ከገባሁ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። አንድ ጊዜም በረኛ ሠርቻለሁ።

ሠርቻለሁ ስላችሁ በር ቆሜ አይደለም። ሥራዬ ኮምፒውተር መነካካት ነው። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው አሉ። ደንበኞቻቸው በስልክ ገብተው ጨርቅ የሚያዙበት ድረ ገጽም አላቸው። ድረ ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቀመጠው መኖሪያ ቤታቸው፣ ምድር ቤት ነው። ከለላ ስላልነበረው የኢንተርኔት ወሮበላ ሁሉ ይጎነትለዋል። ከፊቱ ሪቨርስ ፕሮክሲ ላቆምለት ተስማማን። ስሙ አያስፈራችሁ፤ በረኛ ማለት ነው። የተቆለፈውን መልእክት ተቀብሎ ይከፍታል፣ ወደ ውስጥ ያደርሳል፣ መልሱን ቆልፎ ይመልሳል። የውጭ ሰው ከእሱ ሌላ ማንንም አያይም።

ይህን ሳስረዳቸው ሐጂ ሳቁ። "ትርሲት ናታ፣" አሉኝ።

ትርሲት እዚያው ቤት ተቀጥራ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነብ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከፎቅ አይወርዱም። ስለዚህ በር ላይ በሶማሊኛ የተነገራትን፣ በዐረብኛ የተጮኸባትን፣ በፈረንሳይኛ የታዘዘችውን ሁሉ በአማርኛ አድርጋ ወደ ላይ ታደርሳለች።

ሥራዬን ጨርሼ ሄድኩ። በማግስቱ ሐጂ ደወሉ። አንድም ደንበኛ መግባት አልቻለም።

ሄጄ ሳየው ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወሮበላ የይለፍ ቃል ሲገምት፣ ሲሳሳት፣ ደግሞ ሲገምት ሰርቨሩ ተማሮ አድራሻውን ዘጋበት። የማንን አድራሻ? መልእክቱ ሁሉ የሚደርሰው በበረኛው እጅ ነው፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው የበረኛውን አድራሻ ብቻ ነው። ሌባ ያባረረ መስሎት በረኛውን አባረረ። ከበረኛው ጋር አገር ምድሩ ውጭ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነበር፤ የላኪውን አድራሻ በየመልእክቱ ራስ ላይ እንዲጽፍ በረኛውን አላዘዝኩትም።

ይህን ሳስተካክል ትርሲት ዓይኗ ቀልቶ ገባች። ወሩ ሲያልቅ ውጪ ተብላለች። ተቀጥሮ ለሚያድር ሰው ደግሞ ሥራ ሲሄድ ማደሪያም አብሮ ነው የሚሄደው። አንጀቴን በላችው። ምን አጥፍታ እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ላይ ወጣሁ።

"ጠግባለች፣" አሉኝ ወይዘሮ ዘይነብ። "ትናንት መጥታ 'ውሃችሁ ግድግዳዬን አረጠበው፣ ሰው አይደላችሁም ወይ?' አትለኝም መሰለህ?"

ትርሲት የምን ግድግዳ አላት? ያላት አንድ ሻንጣ ነው። ግድግዳው አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ነው፤ በር ላይ መጥታ የተቆጣችውም እሷ ናት። ወርጄ ትርሲትን የላከቻትን ሴት ስም ለምን እንዳልጠራች ጠየቅኳት።

"እናቴ ስም እየጠራሽ ነገር አታመላልሺ ብላ ነው ያሳደገችኝ፣ ጋሽ ሙሉጌታ፣" አለችኝ።

መልካም አስተዳደግ እንጀራ ሊያሳጣት ነበር። ቁጭ አድርጌ መከርኳት። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የላኪውን ስም፣ ቀጥሎ ቃሉን፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አልኳት። ወይዘሮ ዘይነብም ነገሩን ሳስረዳቸው "እና ያ ሁሉ ቁጣ የሷ አልነበረም?" አሉ። 'ውጪ' ያሏትንም ቃል አነሱ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ስንት ሰው ነው በየበሩ ቆሞ የሌላውን ቁጣ እንደ ራሱ ጥፋት የሚሸከመው? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ጎረቤትየዋና ወይዘሮ ዘይነብም ፊት ለፊት ተነጋግረው ቧንቧው ተጠገነ።

በሳምንቱ ሥራዬን ልፈትሽ ተመልሼ ሄድኩ። ከሰዓት ነው፣ ጫት የገባበት ሰዓት፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ትርሲት በሩን ከፈተች። እኔ ደግሞ አፌን አላርፍ ብዬ "ያቺ ሴትዮ ዛሬም እያጉረመረመች ነው?" አልኳት። ወይዘሮ ዘይነብን ማለቴ ነው፤ ጨዋታ ነበር። ድሬዎች ቀልድ ያውቃሉ ብዬ።

ትርሲት ግን መልስ ልታመጣ ደረጃውን ወጣች። ድምጿ ጥርት ብሎ ከላይ ተሰማኝ።

"እትዬ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። 'ያቺ ሴትዮ ዛሬም እያጉረመረመች ነው?' ይላሉ።"

ስሜ መጀመሪያ፣ ቃሌ ቀጥሎ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

ድረ ገጹ ይኸው እስከ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው። ትርሲትም በሯ ላይ አለች። ወይዘሮ ዘይነብ በሩን የዘጉት በእኔ ላይ ነው፤ ያውም በትክክለኛው አድራሻ።