ሁለቱም ወገን ያሸነፈበት ጦርነት

ለሰላም ሲሉ ከደከሙ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ በሶዶ ከተማ ያለውን ያን አንድ ጽሕፈት ቤት የሚያህል የለም። ስሙ እዚህ ላይ የማይጠራው ትሕትናውን ላለመንካት ነው። ሌላው ጦርነት ከተነሣ በኋላ ይሯሯጣል። ይህ ጽሕፈት ቤት ግን የአውራ ጣት ቁመት ባላቸው የፕላስቲክ ወታደሮች መካከል፣ በፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ላይ ሊነሣ የነበረውን ጦርነት ገና ሳይጀመር ደርሶበታል።

የጦርነቱ ጠንሳሽ መምህር ሚልክያስ ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው መዝሙር ላይ ብቻ ነው። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ያሬድ ግን አንድ ቀን ካርቶን ከፍቶ አሳየውና ለከፈው። በካርቶኑ ውስጥ የወታደሮቹ እጅ ለብቻ፣ ራስ ለብቻ፣ ጋሻ ለብቻ ሆነው በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተሰክተዋል። እየቆረጡ ማውጣት፣ የተረፈውን ጠርዝ በጥርስ ሐኪም መፋቂያ ብረት ማለስለስ፣ ከዚያ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ነው፤ ጣትም አብሮ ይጣበቃል። በመጨረሻ ተቀብተው ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ፣ በማስመሪያ እየተለካላቸው ይራመዳሉ፣ ማን እንደወደቀ ደግሞ ዳይስ ተጥሎ ይታወቃል።

ሚልክያስ ለሠራዊቱ የወላይታን ባህላዊ ልብስ፣ የዱንጉዛ ካባ አለበሰው። ቀዩን፣ ጥቁሩንና ቢጫውን መስመር ጥቂት ፀጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሳለው። ቀዩ የባለቤቱ የብሩክታይት የጥፍር ቀለም ነበር፤ ይህ ጉዳይ በቤት ውስጥ በሽማግሌ ታይቷል። ያሬድ የእሱን ጦር አረንጓዴ ቀባ። ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ስታይሮፎም የዳሞታን ተራራ ቀረጹ፤ ከአረንጓዴ ፌስታል ትንንሽ የእንሰት ተክል ቆርጠው በግርጌው ተከሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀቡ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አልተዋጉም። የያሬድ ክራይ ቤት አልጋ ብቻ የምትችል ናት፤ የሚልክያስ ጠረጴዛ ደግሞ ራትም፣ የቤት ሥራም፣ ካውያም ይሠራበታል። እንዲህ ነገ ዛሬ ሲሉ የያሬድ ዝውውር መጣ። እሑድ ጠዋት ሊሄድ ነው። ከቦዲቲ ከተማ እስከ ቢጠና ከተማ ቢታሰስ ሌላ ተጋጣሚ አይገኝም። ሚልክያስ የፈለገው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት ነበር። ስለዚህ የወጣት ማዕከሉን የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ሊለምን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወደ አቶ በድሉ ሄደ።

«ሳሮ፣ አቶ በድሉ» ሲል በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ሳሮ፣ ሳሮ! መምህር፣ ይግቡ።»

«ለቅዳሜ ጠረጴዛውን ፈልገን ነበር። ከዶክተር ያሬድ ጋር ጨዋታ አለን።»

«ፒንግ ፖንግ?»

«አይ፣ ጦርነት።»

አቶ በድሉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ማን ከማን ጋር?»

«የእኔ ከእሱ።»

«መምህር! የተማሩ ሰው ሆነው 'የእኔ'ና 'የእሱ' ይላሉ? ይሄ በኮሚቴ ነው የሚታየው።»

ኮሚቴው በሚያስደንቅ ፍጥነት ተቋቋመ። የውሃ መስመሩን ብልሽት እንዲያይ የተቋቋመው ኮሚቴ እስከዚያ ቀን ሰብሳቢውን አልመረጠም ነበር። እዚህኛው ላይ ግን አቶ በድሉ ሰብሳቢ፣ ምክትላቸው አቶ ሶርሳ ጸሐፊ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ኤልሳዕ የሥነ ምግባር አማካሪ ሆነው በዚያው ዕለት ተቀመጡ። ወታደሮቹም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ቀረቡ።

«ቀዩ ይውጣ፤ ደም ያስታውሳል» አሉ አቶ ሶርሳ።

«ጥቁሩም ሐዘን ነው» አሉ አቶ በድሉ። «ቢጫው ብቻውን ሲቀር ደግሞ የሚቀየሙ አሉ።»

«እነማን ናቸው?» አለ ሚልክያስ።

«የሚቀየሙት ናቸዋ! አረንጓዴውስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፤ የሣር ቀለም ነው» አለ ያሬድ።

«ሣሩስ የማን ነው?»

ያሬድ ሕክምና ሲማር ይህን አላነሡለትም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ አቶ በድሉ። «የጠብ ሥሩ ልዩነት ነው። ለቢሮው የብረት በር ተገዝቶ የተረፈ ግራጫ ቀለም አለን። ሁለቱም ጦር ግራጫ ይቀባ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ልዩነት ከሌለ ጠብ ከየት ይመጣል?»

ቀጥሎ አቶ ኤልሳዕ ዳይሱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አገላበጡትና መልሰው አስቀመጡት። «ዕጣ መጣል በመጽሐፍም አለ። ይሄ ግን ቁማር ነው» አሉ።

«ያለ ዳይስ ማን እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል?» አለ ሚልክያስ።

«ለምን ይታወቃል? አሁኑኑ እናጸድቀዋለን!» አሉ አቶ በድሉ። ሁለቱም ወገን እንዲያሸንፍ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«የሚሞቱትስ?»

«ሞት በዕቅዱ አልተያዘም።»

ሚልክያስ ቤቱ ገብቶ የበር ቀለሙን ከፈተ። ቅዳሜን ማጣት አልፈለገም። ካባውን ቀባው፣ ጋሻውን ቀባው፣ ፊቱን ቀባው። በጥፍር ቀለሟ ስትቆጣ የከረመችው ብሩክታይት ያን ዕለት ግን አጠገቡ ቁጭ አለች።

«የዚህን ዓይን የሣልክ ቀን ከጓዳ ጠርተህ አሳይተኸኝ ነበር እኮ» አለችው።

«የቲነሩ ሽታ ነው» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ለምን እንደሚጠርግ እንኳ አልጠየቀችውም ነበር። አንዱን ብቻ፣ ጄኔራሉን፣ እጁ እምቢ አለው። ከነዱንጉዛው ከዳይሱ ጋር ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ማዕከሉ በድንኳንና በባነር አሸበረቀ። «ሰላም ለሁሉም» የሚል ግራጫ ቲሸርት ታደለ፤ ለኮሚቴው፣ ለኮሚቴው ዘመዶች፣ ለሾፌሮች፣ ለድምፅ ማጉያ ሠራተኛው ሳይቀር ደረሰ። ወደ ሚልክያስና ያሬድ ሲመጣ አለቀ። ሚልክያስ በብርቱካንማ ሹራቡ፣ ያሬድ በነጭ ሸሚዙ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ለጠረጴዛውም አልቀረቡም፤ ሠራዊት ያለ አመራር አይሆንምና ቀኙን ጦር አቶ በድሉ፣ ግራውን አቶ ሶርሳ ተረከቡ።

አቶ በድሉ ስለ አንድነት ረጅም ንግግር አደረጉ። አቶ ሶርሳ ትንሽ አስረዘሙት። ከዚያ ሁለቱ ጦሮች ወደ ዳሞታ ተንቀሳቅሰው ተቀላቀሉ።

«አቶ ሶርሳ፣ ተራራው ላይ የቆመው የእኔ ነው።»

«የእርስዎ እንሰቱ ሥር ነው ያለው። ይሄ የእኔ ነው።»

«በምን ለዩት?»

«እርስዎስ?»

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። «መምህር፣ የማን ነው?»

ሚልክያስ ቀርቦ ወታደሩን አነሣው። ግራጫ ፊት፣ ግራጫ ዓይን፣ ግራጫ ጋሻ። ምናልባት በገዛ እጁ የሠራው ነበር። «አላወቅሁትም» አለ፤ እውነቱን ነው።

«ሁለቱም እንደሚያሸንፍ ጸድቋል» አሉ አቶ በድሉ። «ቀድሞ የሚያሸንፈው ግን ቀኙ ነው!»

«የት ላይ ጸደቀ?» ብለው አቶ ሶርሳ ተራራውን ያዙ። አቶ በድሉም በዚያኛው ጫፍ ያዙ። ዳሞታ ለሁለት ተሰበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ሰብሳቢ ያስፈልጋል። አቶ በድሉ የሰነዘሩት ጥፊ የገዛ ሾፌራቸው ላይ አረፈ፤ ሾፌሩም ማን እንደመታው ሳያይ የአቶ በድሉን ወንድም በፒንግ ፖንግ መምቻ አገኘው። ሊያስታርቁ የገቡት አቶ ኤልሳዕ ከሁለቱም ወገን ቀመሱ። ሁሉም ግራጫ ለብሷልና ወገኑን የለየ አንድም ሰው አልነበረም። ኮሚቴው የተመኘው እኩልነት በዚያች ቅጽበት በሙላት ሰፈነ። ያሬድ ብቻ በእግር መካከል እየተሽሎከለከ፣ እንዳይረገጡ ብሎ የወደቁትን ወታደሮች ይለቅማል።

ሳጅን ቶማ ፖሊሶቹን ይዞ ደረሰ። «ማን ነው የጀመረው?» አለ። ሁሉም ሁሉን ጠቆመ። ሳጅኑ ሕዝቡን ቢያይ ቢያይ ደረቱ ላይ ሰላም ያልተጻፈበት አጣ። በመጨረሻ ዓይኑ ብርቱካንማው ሹራብ ላይ ዐረፈ።

«እናንተ ሁለታችሁ፣ ለምንድነው ሰላሙን ያልለበሳችሁት?»

«አልደረሰንም።»

«ሰላም ያልደረሰው ነው እኮ ጠብ የሚያነሣው። ቅደሙ!»

ጣቢያ ሲፈተሹ ከሚልክያስ ኪስ ዳይሱና ጄኔራሉ፣ ከያሬድ ኪስ እፍኝ ሙሉ ግራጫ ጦር ወጣ። ሳጅን ቶማ ጄኔራሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። «ዱንጉዛ ለብሷል!» አለ። «ዓይንም አለው። ምን ያደርጋል ይሄ?»

ሚልክያስ አስረዳው።

«ማን ያሸንፋል ታዲያ?»

«አይታወቅም።»

«ኮሚቴው አልወሰነም?»

«ዳይሱ ነው የሚወስነው።»

«እስከመጨረሻው አይታወቅም?» ሳጅኑ ኮፍያውን፣ የሻይ ፔርሙዙንና ስልኩን ከሰፊው ጠረጴዛ ላይ አነሣና ወንበሩን ሳበ። «እስቲ አሳዩኝ» አለ።

ስቴፕለሩ ዳሞታ ሆነ። ያሬድ ግራጫዎቹን በሙሉ ወሰደ፤ ሚልክያስ ባንድ ጄኔራልና ሳጅኑ ባዋሰው የቆርኪ ጦር ተሰለፈ። ዳይሱ ሲንከባለል ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ስድስት ሲወጣ ሳጅን ቶማ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ «ሎኦ! ጎሽ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ዓመት የተጠበቀው ጨዋታ ይህ ነበር፤ ሚልክያስ ደስ ብሎት ፊቱ በራ።

ጨዋታው ሲጋጋል በሩ ተከፈተ። ባንድ ዓይናቸው ፋሻ ያሰሩት አቶ በድሉና ከንፈራቸው ያበጠው አቶ ሶርሳ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። የዕለቱ ዝግጅት ሪፖርት የሁለቱንም ፊርማ ስለሚፈልግ ታርቀዋል። ዝግጅቱ በሁለቱም ወገን ድል ተጠናቋል ይላል፤ ለማወክ የሞከሩ ሁለት ግለሰቦችም በቁጥጥር ሥር ውለዋል ይላል።

«ይቅር ብለናችኋል» አሉ አቶ በድሉ። «ተፈታችኋል፤ ውጡ።»

ሚልክያስ ቀና አላለም። «ከወጣን ጨዋታውን ዛሬ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ታስጨርሱናላችሁ?»

«እሱን እንኳ ሰኞ ኮሚቴው ተሰብስቦ...»

«እንግዲያው» አለ ሚልክያስ፣ ዳይሱን በመዳፉ እያንኳኳ፣ «በሩን ዝጉልን።»