ቤዝመንት ያሉት

ዘውዱ፦ ተኝቷል አልኩህ እኮ።

ማኑ፦ ጋሽ ዘውዱ፣ ዓይኑ ፈጧል። እኔን ነው የሚያየው።

ዘውዱ፦ እባብ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው። ቆብ የለውማ።

ማኑ፦ ቆብ ምን ያደርግለታል? መነኩሴ ነው?

ዘውዱ፦ የዓይን ቆብ። የዓይን። ወይ የዘንድሮ ልጆች።

[ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንድ የቤት እንስሳት መሸጫ ውስጥ ናቸው። ማኑ እባብ በሥዕል እንኳ ሲያይ ገጹን ቶሎ የሚገልጥ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን፣ ምስኪን፣ በገዛ እግሩ መጥቶ የእባቦቹ መስተዋት ፊት ቆሟል። ጋሽ ዘውዱን ይዞ የመጣው እንዲመርጡለት ነው። እሳቸው ዕድሜ ይስጣቸውና የማያውቁት ነገር የለም። አገር ቤት አማርኛ ያስተምሩ ነበር፣ እዚህ ኤርፖርት የማታ ሺፍት ይሠራሉ፣ የቀረውን ሁሉ ደግሞ እንዲሁ ያውቁታል።]

ዘውዱ፦ ለመሆኑ እባብ ምን ሊያደርግልህ ነው? ድመት አትገዛም?

ማኑ፦ እስከ እሁድ እባብ መልመድ አለብኝ። ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ። ብቻ የማይነክስ ይምረጡልኝ። በእባብ ነገር ከእርስዎ የሚበልጥ የለም።

ዘውዱ፦ [ደረታቸውን ነፋ አድርገው] እሱስ ልክ ነህ። [መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን እያነበቡ] ይሄ ኮርን ስኔክ ነው። በቆሎ ነው የሚበላው። ጾም ሲገባ አያስቸግርህም።

ማኑ፦ ከሥሩ ግን አይጥ ይበላል ይላል።

ዘውዱ፦ እሱ ለፍስክ ነው።

ማኑ፦ ያኛውስ? ሚልክ ስኔክ የሚለው።

ዘውዱ፦ ወተት ይፈልጋል። ከየት ታመጣለህ፣ ላም የለህ። ተወው።

ማኑ፦ ኪንግ ስኔክስ?

ዘውዱ፦ ንጉሥ ይዘህ ዋይትሆርን ሰፈር አፓርታማ ውስጥ? ማን ሊላክለት ነው?

ማኑ፦ እሺ ይሄ የተጠቀለለውስ? ቦል ፓይተን።

ዘውዱ፦ [ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸው በርቶ] አየህ፣ እባብ ማለት ይሄ ነው። ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሽ ነው የሚነሳው። ሙቅ ቦታ ካገኘ ማንንም አያስቸግር። ጨዋ ነው። ይሄን ውሰድ።

ማኑ፦ ልክ እንደ እርስዎ ቤት ናቸው ማለት ነው።

ዘውዱ፦ እኔ ቤት እነማን?

ማኑ፦ ቤዝመንት ያሉት እባቦች ናቸዋ። ለዚህ አይደል እርስዎን ያመጣሁት? አብረዋቸው ነው የሚኖሩት።

[ጋሽ ዘውዱ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ እትዬ ውድነሽ ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ማለት ምድር ቤቱን፣ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እትዬ ውድነሽ ሩታ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ማኑ ልቡን የጣለው እሷ ላይ ነው። ይህን ለጋሽ ዘውዱ እስከ ዛሬ አልነገራቸውም፣ ስለሚያፍራቸው። አሁን ግን ፊታቸው ልውጥውጥ ሲል አይቶ ስልኩን አወጣና ሩታ የላከችለትን ቮይስ ከፈተ።]

የሩታ ድምፅ፦ ሄይ ማኑ፣ እማዬ እሁድ ለምሳ ጠርታሃለች። ግን ላስጠንቅቅህ፣ ቤዝመንት ያሉት እባብ ናቸው። ቀን የተኙ መስለው ያደባሉ። ምግብ ሲሸታቸው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሳያላምጡ ይውጣሉ። ሙቀት ደግሞ በቃኝ አይሉም። ከተለማመድካቸው ግን ምንም አይሉህም፣ ኦኬ?

ዘውዱ፦ ድገመው። [ማኑ ደገመው።] "ናቸው" ነው ያለችው?

ማኑ፦ ናቸው።

ዘውዱ፦ ይተኛሉ፣ ይወጣሉ፣ ይውጣሉ። የኔ ልጅ፣ ይሄ ብዙ ቁጥር ነው። አንድ እባብ ቢሆን "ነው" ትል ነበር። እዚህ ያደጋችሁ ልጆች ሰዋስው አይገባችሁም የምለው ለዚህ ነው። ቢያንስ ሦስት ይሆናሉ።

ማኑ፦ ሦስት ከየት መጣ?

ዘውዱ፦ ለሁለት እባብ ሰው እንዲህ አያስጠነቅቅም።

ማኑ፦ አንድ ቀን እንኳ አላዩዋቸውም?

ዘውዱ፦ የት አይቼ? ቀን እተኛለሁ፣ ማታ ሥራ ነኝ። [ግንባራቸውን በእጃቸው ጠረጉ።] የፈርነሱን፣ የቤት ማሞቂያውን ክፍል ለምን እንደቆለፉብኝ አሁን ገና ገባኝ። እኔማ ሙቀቱን ስለምጨምር መስሎኝ።

ማኑ፦ ሙቀት በቃኝ አይሉም ብላለችኮ።

ዘውዱ፦ ባለፈው ደግሞ ዶሮ ወጡ ጎደለ ብለው እትዬ ውድነሽ ሲያጉረመርሙ ነበር። እኔን የጠረጠሩ መስሎኝ ተቀይሜ ዝም አልኩ።

ማኑ፦ እርስዎ አልበሉም?

ዘውዱ፦ ቀመስኩ እንጂ ድስቱን አልጨረስኩም። የቀረውን እነሱ ናቸዋ።

ማኑ፦ እና ልግዛው ወይስ ልተወው? ጋሽ ዘውዱ፣ እውነቴን ነው፣ ሩታን ከማጣ እባብ አንገቴ ላይ ቢጠመጠም ይሻለኛል።

ዘውዱ፦ አንተ ስለ አንገትህ ታወራለህ፣ እኔ ዛሬ የት ልተኛ? በል ደውልላት። ስንት እንደሆኑ፣ በየት በኩል እንደሚወጡ ጠይቅልኝ። ስፒከር ላይ አድርገው።

[ማኑ ደወለ። ስልኩን መሐላቸው ያዘው። ጋሽ ዘውዱ ጆሯቸውን አስጠጉ።]

ሩታ፦ ሄይ ማኑ።

ማኑ፦ ሩታ፣ ፔት ሾፕ ነኝ። ለእሁድ እንድለማመድ እባብ ልገዛ ነው።

ሩታ፦ ዋት? የምን እባብ?

ማኑ፦ ቤዝመንት ያሉትን እንዳልፈራቸው ነዋ። ስንት ናቸው?

[የሩታ ሳቅ ሱቁን ሞላው።]

ሩታ፦ ስንት ይሆናሉ ማኑ? ጋሽ ዘውዱ እኮ ናቸው።

[ማኑ ስልኩን አየ፣ ጋሽ ዘውዱን አየ፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። ስፒከሩን ማጥፋት እንኳ ጠፋው።]

ማኑ፦ ታዲያ... ለምን "ናቸው" አልሽ?

ሩታ፦ ምን ልበላቸው? ትልቅ ሰው እኮ ናቸው። እባብ ቢሆኑም አንተ አይባሉም። ለእማዬ ወሬ ያቀብሉ፣ ዶሮውን ይጨርሱ፣ አሁንም አንተ አልላቸውም።

ማኑ፦ መልሼ... መልሼ ልደውልልሽ።

[ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ዘውዱ ወደ ቦል ፓይተኑ ዞረው ለረዥም ጊዜ አዩት። እሳቸው ዛሬ ቤት ገብተው ለእትዬ ውድነሽ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የእሁዱ ምሳ ቀረ፣ ሩታም ቀረች።]

ማኑ፦ ጋሽ ዘውዱ፣ ጥፋቱ በእኔ ይሁን። ልጅ ናት፣ ሳታስበው ነው።

ዘውዱ፦ ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።

ማኑ፦ እሺ።

ዘውዱ፦ ከላይ እስከ ታች ሰደበችኝ አይደል?

ማኑ፦ አዎ። ማለቴ፣ ትንሽ።

ዘውዱ፦ ከዚያ ሁሉ ስድብ ውስጥ አንዲት "ነው" አላመለጠቻትም። ይሄን አስተዳደግ በዚህ አገር ከየት ታገኘዋለህ? አግባት።

ማኑ፦ ከምርዎት ነው?

ዘውዱ፦ ሽማግሌ ሆኜ የምሄደውም እኔ ነኝ።

ማኑ፦ እትዬ ውድነሽ እምቢ ቢሉስ?

ዘውዱ፦ እምቢ ካሉ ከቤታቸው አልወጣም።