ወይዘሮ ቱራን፣ የአቤቱታ መምህርት

ስደተኛ በተጠለለበት ከተማ ሁሉ፣ ያንተን መከራ ከአንተ ይልቅ የምታውቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ከተማው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ስደተኛው ከየትም ይምጣ፣ እሷ ቀድማ ደርሳለች። ስምህን ሳትጠይቅ የፋይል ቁጥርህን ትጠይቃለች። ልደትህን ትረሳለች፣ የታሰርክበትን ቀን ግን አትረሳም። ገበያ መሃል ቲማቲም ስትመርጥ ከኋላህ ድንገት ትደርስና፣ «ይግባኝህ ማክሰኞ እንደሚያበቃ ታውቃለህ አይደል?» ትልሃለች፤ ቲማቲሙ ከእጅህ ይወድቃል።

የእኛዋ፣ ቱርክ አገር ዴኒዝሊ ከተማ ላይ የተመደቡልን፣ ክብርት ወይዘሮ ቱራን ናቸው። የኢራን ስደተኞች መብት ማኅበራችን ከአንድ ፎጣ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ይዟል። በወረቀት ላይ ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ የሕግ ክፍል፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልና ሰባት አባላት ያሉት ሥራ አስፈጻሚ አለን። በተግባር ወይዘሮ ቱራን አሉ፣ ሦስት ወንበር አለ፣ ከዚያ እኔ አለሁ። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ እሳቸው እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሰው እሳቸው በቀይ እርሳስ ይሰርዙታል።

አገር ቤት፣ ሺራዝ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ሰልፍ የወጡትን ተማሪዎች ስም ስጪ ሲባሉ፣ «ስም የመርሳት በሽታ አለብኝ» ብለው ድርቅ አሉ፤ ለስደት የዳረጋቸውም ይኸው ነው። በዚያ በሽታ የተያዙት ያን ቀን ብቻ መሆኑን እኔ ምስክር ነኝ። ዛሬ የሁለት መቶ ስምንት ቤተሰብ ስም ከነፋይል ቁጥሩ በቃላቸው ይወጡታል። አንድ ሰው ደረቱን እየደቃ የደረሰበትን ሲያወራላቸው፣ እንባው ገና ጉንጩ ላይ ሳይደርስ «ቀኑን ንገረኝ!» ይሉታል። በኢራን ዘመን አቆጣጠር የነገራቸውን እዚያው በቃላቸው ወደ ፈረንጁ ይመልሱታል፤ አንድ ቀን እንኳ ስተው አያውቁም።

ማኅበሩ ብዙ ባላጋራ ያለው ይመስላችኋል። ቀንደኛው ግን አንድ ነው፤ እሱም የገዛ ጨዋነታችን ነው። ኢራናዊ ሲጋበዝ እምቢ ይላል። ባለሱቁ ሂሳብ ሲጠየቅ «ለእርስዎ ምን ሂሳብ አለው፣ ይውሰዱት» ይላል፤ እውነት መስሎት ይዞ የሚሄድ ግን ከሰው አይቆጠርም። እግሩን ረግጠኸው ይቅርታ የሚጠይቅህ እሱ ነው። ክፉ ነገር ከደረሰበት ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል፤ ጭንቀቱን አውጥቶ ሌላውን ማስጨነቅ ነውር ነዋ። ይህ ሁሉ አገር ቤት ያምራል። ስደት ላይ ግን፣ «ምን ደረሰብህ?» ተብለህ መልስህ እየተጻፈ፣ ሰው ያጠፋል።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከዴኒዝሊ አለመውጣታችን እንዲታወቅ፣ የከተማው ምልክት ከሆነው የዶሮ ሐውልት ወረድ ብሎ ባለው መሥሪያ ቤት እንፈርማለን። አንድ ሐሙስ በሩ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ!» ስንባባል ሰዓቱ ሞላና አሥራ አንድ ሰው ሳይፈርም ቀረ። «ያልፈረሙበት ምክንያት» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ወይዘሮ ቱራን «መከባበር» ብለው አስጻፉኝ። በሳምንቱ ለያንዳንዱ ተራ ቁጥር አደሉ። ቁጥር ሦስት፣ ሕፃን ላዘለችው ለቁጥር አርባ ቁጥሩን ሸለማት፤ እሷም ጨዋ ናትና ቁጥር አርባ ሁለት ለሆኑት ሽማግሌ አሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ ክብርት ሊቀመንበር ራሳቸው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ሰውን ከጀርባው እየገፉ ያስገባሉ።

ደብዳቤውማ አይነሳ። ከታብሪዝ የመጡ አንድ አዛውንት ይግባኝ ጽፈው አመጡ፤ ሦስት ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ ለኃላፊው ጤና፣ ለልጆቹ እድገትና ለወላጆቹ ነፍስ ጸሎት ነው። ሁለተኛው ስለ ጽጌረዳና ስለ ንፋስ የሚያወሳ ግጥም ነው። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣ «ጊዜዎን ላለመሻማት ያህል፣ በሚመጣው ሰኞ ወደ ድንበር ሊመልሱኝ ነው» ይላል። ወይዘሮ ቱራን ቀይ እርሳሱን አንስተው ያችን አንዲት መስመር ብቻ አስቀሩ። ሽማግሌው ራቁታቸውን የቀሩ ያህል ደነገጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሏቸው ክብርት ሊቀመንበር፤ «ጽጌረዳውን ለሚስትዎ ያንብቡላት።»

ከሁሉም ያንገበገባቸው ግን የሰይፉላህ ጉዳይ ነው። ሰይፉላህ የከርማንሻህ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሹፌሮች ማኅበር እናቋቁም ብለው በእሱ አውቶቡስ ውስጥ ስለተሰበሰቡ አሥራ አራት ወር ታስሯል፤ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ተሰባብረው ጠማማ ሆነው ቀርተዋል። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቁ ላይ «እስር ቤት ሳሉ ጉዳት ደርሶብዎታል?» ተባለ። «ኧረ ደህና ነኝ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?» ብሎ መለሰ። ስለ ጠባቂዎቹ ሲጠየቅም «ምን ያድርጉ፣ ሥራቸው ነው» አለ። ግራ እጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኪሱ አላወጣትም፤ መርማሪዋ ሴት ናትና እንዲህ ያለ እጅ ማሳየት ነውር መስሎት። ከሁለት ወር በኋላ፣ አመልካቹ ምንም ጉዳት እንዳልደረሰባቸው በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል የሚል የውድቅ ውሳኔ መጣለት።

ይግባኝ ተፈቀደና የመጨረሻ ቃለ መጠይቅ ተቀጠረለት። ከዚያ ወዲያ ሌላ የለም፤ ያን ካጣው እሱና ሚስቱ ጉልአንዳም ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ወይዘሮ ቱራን ያን ቀን ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ «ይህን ሰው ማማረር ሳላስተምረው አልቀርም» ብለው ማሉ።

ትምህርቱ ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ክብርት ሊቀመንበር መርማሪዋን ሆነው ጠረጴዛው ጀርባ ይቀመጣሉ። ሰይፉላህ እሳቸው በተነቃነቁ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል። «መቱህ?» ሲሉት «ያለፈ ነገር ነው» ይላል። «በምን መቱህ?» ሲሉት «ክፉ ነገር አይንካዎት፣ ይተዉት» ይላል። አንዴ ጥያቄው ሲበዛበት ሳህኑ ላይ የነበረውን ዱባ የሚያህል ኪያር ልጦ፣ ጨው ነስንሶ ለመርማሪዋ አቀረበላት። ወይዘሮ ቱራን መርማሪነታቸውን ረስተው ተነሱ።

«አንተ ሰውዬ! እዚህ ቤት ምንም አይደል አይባልም ብዬህ የለም? ሚስትህን ይዘህ ልትመለስ ነው እኮ!»

«እርስዎን አደከምኩዎት» አለ ሰይፉላህ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ለማይረባው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀጠሮው አሥር ቀን ቀረው። በዚያ ዓርብ ወይዘሮ ቱራን ተስፋ ቆርጠው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልአንዳም የላከችውን የሩዝ ዱቄት ብስኩት ለሰይፉላህ አቀረቡለት። ጠግቤያለሁ አለ። ብላ እንጂ አሉት። ኧረ አያስፈልግም አለ። «በሞቴ ብላ!» ሲሉት አንዱን አነሳ፤ ከዚያ ቁርስ ያልበላ ሰው ነውና አራቱን አከታትሎ ጨረሰ።

ወይዘሮ ቱራን ሳህኑን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «ኢራጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ስንተኛው ላይ ነው የወሰደው?»

«ሦስተኛው ላይ።»

«ወረቀት አምጣ።»

ያን ቀን ያስጻፉኝ ደብዳቤ በማኅበሩ ታሪክ ምንም ያልተሰረዘበት ብቸኛው ነው። እንዲህ ይላል፦ «በአገራችን ልማድ የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አይ አክብሮት ነው። መልስ የሚባለው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ለአቶ ሰይፉላህ ዋናው ጥያቄ ሦስት ጊዜ እንዲቀርብላቸው እናመለክታለን።» እኔ የከተማው መሳቂያ ልንሆን ነው ብዬ ተከራከርኩ። የመንግሥት ሥራ እንደ ብስኩት ይለመናል ወይ? እሳቸው ነገር በሦስት ይጸናል ብለው ማኅተሙን አሳረፉበት።

በቀጠሮው ቀን አንድ አጃቢ መግባት ይፈቀድ ነበር፤ አፉን ዘግቶ ለሚቀመጥ። ወይዘሮ ቱራን በሩ ድረስ መጡና ቆሙ። «አንተ ግባ» አሉኝ። «እኔ ከገባሁ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተነስቼ ራሴ እመልስለታለሁ።» ስምንት ዓመት ስለሌላው ሲናገሩ የኖሩት ሴት ኮሪደሩ ላይ ካለ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ደብዳቤያችን ከፋይሉ ላይ ተጣብቋል። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን ጠየቀችው። ከዚያ እስር ቤት ውስጥ ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ጠየቀች። ሰይፉላህ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ አለ። እኔ ወንበሬን በጥፍሬ ያዝኩ። መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። የእርስዎን ጊዜ የሚያባክን ነገር አይደለም አለ። ግራ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናት።

ሴትየዋ ደብዳቤውን አየች፣ እሱን አየች። «አቶ ሰይፉላህ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ምን አደረጉዎት?»

ሰይፉላህ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት።

«በአውቶቡሱ በር ነው» አለ። «በራሴ አውቶቡስ በር። ረቡዕ ነበር፤ ተሳፋሪዎቼ ያዩ ነበር። አንዷ የሠፈሬ ልጅ ናት።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠባቂውን የጫማ ቀለም ሳይቀር ተናገረ። ለዘጠኝ ወር ያወቅኩት ሰው ያን ያህል ተሸክሞ ኪያር ይልጥልን እንደነበር አስቤ አፈርኩ። ስንወጣ ወይዘሮ ቱራን ያው አግዳሚው ላይ ናቸው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ቦርሳቸው ውስጥ መሐረብ ሲፈልጉ ብዙ ቆዩ።

ውሳኔው በአራተኛው ወር መጣ፤ ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ሌላ አገር ሊቀበላቸው ነው። ሰይፉላህና ጉልአንዳም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቢሮ መጡ። ወይዘሮ ቱራን ሻይ ቀድተው አስቀመጡላቸው፣ ተደላድለው ተቀመጡና «እንግዲህ ደስ አለህ?» አሉት። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፤ የሚመጣውን ምስጋናና ምርቃት በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሰይፉላህ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «አላለኝም» አለ።

ጉልአንዳም ዞር ብላ አየችው።

«እኔ መኖር የፈለግኩት ከርማንሻህ ነው» አለ። «ሚስቴ እናቷን ሳትቀብር ቀረች። የምሄድበትን አገር ስም እንኳ አፌ አይችለውም። በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደ ሕፃን ፊደል ልቆጥር ነው፤ ይህ ደስ አይልም። ከተናገርኩ አይቀር ደግሞ፣ እትዬ ቱራን፣» ድምፁን ጠረገ፣ «የእርስዎ ሻይ ዓመት ሙሉ የትናንት ሻይ ነው። እያሞቁ ነው የሚሰጡን።»

ጉልአንዳም በአፏ አየር ሳበችና ክንዱን ቆነጠጠችው። በእኛ ዘንድ ሻይህ የከረመ ነው ከማለት ልጅህ አስቀያሚ ነው ማለት ይቀላል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ወይዘሮ ቱራን ግን ከወንበራቸው ተነሱ፤ የክፍሉ ውራ የነበረ ተማሪያቸው አንደኛ የወጣላቸው መሰሉ።

«ኢራጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ጻፍ!» አሉ። «አቤቱታ ቀርቧል። በቃለ ጉባኤ ይያዝ።» ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ሰይፉላህም ጠማማ እጁን ዘርግቶ እጃቸውን ያዘ፣ ይቅርታም አልጠየቀም።

ሰይፉላህና ጉልአንዳም በጸደይ ሄዱ። አቤቱታው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ በቁጥር ሠላሳ ሰባት ተይዟል፤ ውሳኔ ግን አላገኘም፤ ሊቀመንበሯ ጊዜ የላቸውም። ጠዋት ጠዋት የሰው ፋይል እያነበቡ የትናንቱን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ ይጥዱታል። እኔ ያን ሻይ ስጠጣ ስድስት ዓመቴ ነው። መራራ ነው፣ ብረት ብረት ይላል፣ ሽታው ምላስ ላይ እስከ ምሳ ይቆያል። «ልጨምርልህ?» ሲሉኝ፣ «እጅዎ ይባረክ እትዬ ቱራን፣ እንዲህ ያለ ሻይ የትም የለ» እላቸውና ብርጭቆዬን እዘረጋለሁ።