በቦዩ ዳር የተሰማው ጩኸት

አሜሪካኖች የሚያርፉት በመድከም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኦፊስ ተቀምጠው የከረሙ ሰዎች ቅዳሜ ሲደርስ ብስክሌት ጭነው፣ ጀልባ ጭነው፣ ውሻ ጭነው ይወጡና ላባቸው ጠብ እስኪል ሲንከራተቱ ይውላሉ። ማታ ወገባቸውን ይዘው እያነከሱ ሲመለሱ «ተዝናናን» ይሏችኋል። እኔ ኒው አልባኒ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስዞር የምውል ሰው ነኝ። ለእኔ መዝናናት ማለት ሶፋ ነው። ታዲያ እንዲህ ያልኩት ሰውዬ በጠዋት፣ ያውም በጭጋግ፣ መናፈሻ ይሁን መቃብር ወዳልለየለት ቦታ ምን ወሰደኝ? ይሉኝታ ነዋ! ሌላ ምን ይወስደኛል?

ብሌንደን ታውንሺፕ አንድ አፓርትመንት ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው ጎረቤቴ ጀማል አርብ ማታ ኮል አደረገልኝ። እናቱ እትዬ ከድጃ ከደሴ ከመጡ ገና ክረምት አላለፈባቸውም። ስኳራቸው ከፍ ስላለ ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሏል። እሳቸው ግን ፓርኪንጉን ሁለት ጊዜ ዞሩና «መኪና ማቆሚያ ስዞር የምውል እኔ ዘበኛ ነኝ ወይ?» ብለው ቤት ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። «እኔ ኦቨርታይም አለብኝ፣ ታሪኩ ወንድሜ፣ ዛፍና ውሃ ያለበት ቦታ ውሰድልኝ» አለኝ ጀማል። እምቢ ይባላል? የሚወዳት እናቱን ነው አደራ የሰጠኝ።

ከከተማው ወደ ደቡብ ትንሽ እንደተነዳ የድሮ ቦይ ያለበት መናፈሻ አለ። ባቡር ሳይመጣ በፊት የዚህ አገር እህል በዚያ ቦይ በጀልባ ይጓጓዝ ነበር አሉ። ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱት በዳርቻው የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ በቅሎዎቹ የሄዱበት መንገድ የሯጭና የብስክሌት ሆኗል።

ስንደርስ ግን ሯጭ የለ፣ ብስክሌት የለ። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል። ፓርኪንጉ ላይ የቆመው አንድ አሮጌ ፒካፕ ብቻ ነበር፤ ከኋላው የእንስሳት መጫኛ ተጎታች አለ፤ የተጎታቹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው። ልቤ እዚያ ላይ «ሶፋህ ይሻልሃል» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

መግቢያው ላይ የቦዩን ታሪክ የሚተርክ ሰሌዳ አለ። ለእትዬ ከድጃ አንብቤ ተረጎምኩላቸው። ቦዩን የቆፈሩት በአካፋና በዶማ ነው፤ ከቆፋሪዎቹም ብዙዎቹ በወባ ያለቁት እዚሁ ነው አልኳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ተከናንበው ሰሙኝና «የት ተቀበሩ?» አሉ። ሰሌዳውን ደግሜ አነበብኩት። ጀልባው ስንት ኩንታል እንደሚጭን ይላል፤ የት እንደተቀበሩ ግን አይልም። እሳቸው የቆሙበትን መሬት አዩና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔም የቆምኩበትን መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ እግሬን የማነሳው እንደ ሌባ ቀስ እያልኩ ነበር።

ወደ መንገዱ ገባን። በግራችን ቦዩ ነው። ውሃው አረንጓዴ፣ የማይነቃነቅ። በቀኛችን ጫካ። ወፍ እንኳ የለም። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚህ መናፈሻ ጨለምለም ሲል የበቅሎ ኮቴ ይሰማል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ያን ጊዜ በብርሃን፣ ዶናት እየበላን ስለነበር ሳቅኩበት። እንዲህ ያለውን ወሬ ሰው ሲነግራችሁ ዶናታችሁን አስቀምጡና በደንብ ስሙት።

ምክንያቱም ኮቴው መጣ።

መጀመሪያ ቃጭል ነበር የተሰማው። ቂል... ቂል... ከዚያ ኮቴ። ከዚያ ጠጠር ላይ የሚጎተት ነገር። ቆምኩ። እትዬ ከድጃም ቆሙ። ጭጋጉ ውስጥ ረጅም ጆሮዎች ታዩ፤ ቀጥሎ አንገት፤ ቀጥሎ አንዲት ትልቅ ቡናማ በቅሎ፣ ከነሙሉ እቃዋ፣ ገመዷን እየጎተተች። የሚነዳት ሰው የለም። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እትዬ ከድጃ ግን ፊታቸው በራ! አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ሲደሰቱ አላየሁም፤ አገር ቤት የሚያውቁት ዘመድ በመንገድ ያገኙ ይመስል «አንቺዬ! ማን ፈታሽ?» ብለው ገመዷን ያዙ።

«እትዬ፣ ይተዋት» አልኩ በሹክሹክታ። «እዚህ አገር በቅሎ የለም።»

«ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ነበር ላለመስማት የምፈልገው። እሳቸው አንገቷን ዳሰስ አደረጉና ላቧ ትኩስ ነው፣ ደንግጣለች፣ ጌታዋን ጥላ ነው የመጣችው አሉ። በቅሎዋ ዞራ በመጣችበት መሄድ ጀመረች። እሳቸው ገመዱን ይዘው ተከተሏት። እኔ የሰው እናት ለብቻዋ አይለቀቅምና እሳቸውን ተከተልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ጥርብ ድንጋይ ጋ ደረስን። ጀልባዎች ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጡበት፣ ሎክ የሚሉት ነገር ነው፤ ጣሪያ የሌለው ረጅም የድንጋይ ክፍል መሬት ውስጥ ተቀብሮ አስቡ። በቅሎዋ አፋፉ ላይ ቆመች። አፋፉ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ወድቋል፤ ሰሌዳው ላይ የተሳሉት የጥንት ሰዎች ያደረጉት ዓይነት ባርኔጣ። ጎንበስ ብዬ ላየው ስል፣ ከእግሬ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ ቀስ ያለ ሻካራ የወንድ ድምፅ «እርዱኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሁለት አስተያየት አለ። እትዬ ከድጃ ጮኸህ ሮጥክ ይላሉ። እኔ ደግሞ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስን ከፍ ባለ ድምፅ ጸለይኩና ወደ መኪናው በፍጥነት ሄድኩ እላለሁ።

መኪናው ጋ ስደርስ ነው ብቻዬን መሆኔ የታወቀኝ። የጀማል እናት የሉም! ለጀማል ምን እለዋለሁ? እናትህን ለበቅሎ ሰጥቻቸው መጣሁ? ወደ ቦዩ ተመለስኩ። ጭጋጉ ይበልጥ ወፍሯል። «እትዬ ከድጃ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ከመሬት ውስጥ ይመጣ የነበረው ድምፅም ጠፍቷል። ውሃው እንደተኛ ነው። ያኔ እውነተኛ ፍርሃት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ የፊተኛው ለራሴ ነበር፣ ይሄኛው ግን ለእሳቸው ነው፤ ይሄኛው አያስሮጥም፣ እግር ይይዛል። ድንገት ቂል... አለ ቃጭሉ። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ጣፋጭ ደወል አልሰማሁም። ተከተልኩት።

እትዬ ከድጃ ድንጋዩ ላይ በደረታቸው ተኝተው ቁልቁል እያዩ ሰው ይቆጣሉ። «አትነቃነቅ ብዬሃለሁ! እግርህ ተሰብሯል! ዝም ብለህ ተኛ!» ይላሉ፣ በጥርት ያለ የወሎ አማርኛ። ጋቢያቸው ከላያቸው የለም። ቁልቁል ባይ ጭቃው ላይ ግንባሩ የደማ ነጭ ሽማግሌ ተጋድሟል፤ ሰፊ ሸሚዝ፣ በማንገቻ የተያዘ ሱሪ፣ ከላይ የደሴ ጋቢ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝና የት ሄጄ እንደነበር ጠየቁኝ። መኪናውን ልቆልፍ ነው አልኳቸው። «ቆለፍከው?» አሉኝ።

911 ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የተጎዳውን ሰው ግለጽልኝ አለችኝ። እኔም ያየሁትን ነገርኳት፤ ባርኔጣውን፣ ማንገቻውን፣ በቅሎዋን፣ የድሮ ዘመን ሰው እንደሚመስል። «ሰር፣ አንተስ ደህና ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሆነው ሆኖ አምቡላንሱ ቶሎ ደረሰ። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ብርዱ ይገድለው ነበር አሉ።

ዋልተር ይባላል፤ ጡረተኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጥንት በቅሎ ነጂ ለብሶ፣ ጀልባ እንዴት ይጎተት እንደነበር ለጎብኚ በነጻ ያሳያል። የዚያን ቀን ጎብኚ ሳይመጣ በቅሎዋን ሊያዘጋጅ ማልዶ ገብቶ ሳለ በርግጋ አመለጠችው። በጭጋግ ሲከተላት ገደሉን አላየውም።

እግሩ በጀሶ ታስሮ ቤቱ ሲገባ እትዬ ከድጃ ካልጠየቅነው ብለው ዳቦ ጋግረው ይዘውኝ ሄዱ። ሚስቱ ጋቢውን አጥባ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ዋልተር የእትዬን እጅ ይዞ አለቀሰ፤ እሳቸውም በአማርኛ አጽናኑት፤ ሁለቱም ያለ አስተርጓሚ ተግባቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ስለዚያ ቦይ መናፍስት ለዓመታት ለልጆች ሲያወራ እንደኖረ፣ አንዱንም ግን አምኖ እንደማያውቅ ነገረኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ወድቆ እርዱኝ ሲል፣ ልክ ከራሱ በላይ የአንድ ሰው ጩኸት ሰማ። ሕያው ሰው እንደዚያ ሊጮህ አይችልም አለኝ። በማያውቀው ቋንቋ ነበር። ከዚያ የሚሮጥ እግር። ያን ጊዜ፣ በወባ ያለቁት ቆፋሪዎች መጡብኝ ብሎ፣ ብርዱ ቢገድለውም እንኳ አፉን ዘጋ። ነጭ የለበሰች ሴት ብቅ ስትልም ልትወስደው የመጣች መስሎት ነበር፤ ስትቆጣው ነው የሰው እናት መሆኗን ያወቀው።

«አንተም እዚያው ቅርብ ነበርክ» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። «ጩኸቱን ሰምተኸዋል?»

እትዬ ከድጃ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እያመሰገነዎት ነው አልኳቸው።

ለእሱ ደግሞ እውነቱን ነገርኩት። «ሰምቼዋለሁ» አልኩት። «እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ዋልተር ሚስቱን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አያት። ከዚያ ጭንቅላቱን በሐዘን ነቀነቀና፣ «ምስኪን» አለ፤ «እንዴት ያለ አሟሟት ቢሞት ነው እንደዚያ የሚጮኸው?»

እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ነፍስ ይማር አልኩ።