ሌባ በመጥፋቱ የተፈጠረ ስጋት

ክብርና ሞገስ ለከንቲባችን ይሁንና፣ ከተማችን ከስጋት የተላቀቀችበትን ታሪክ ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው። ቀድሞ ስጋት እንዳለብን እንኳ የማናውቅ ምስኪኖች ነበርን። በራችንን ገርበብ አድርገን ገበያ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ዕቃችን እንዳለ ነው። ምርጫው ሲቃረብ ግን ከንቲባው ስለ ቧንቧ ውሃ የሚናገሩት ጠፋቸው፤ ውሃው ራሱ ከጠፋ ሰንብቷልና። በዚያው ሰሞን፣ በሬዲዮ ሁሉን ነገር የሚተነትንልን ሰውዬ ከተማዋ በሌባ መከበቧን አበሰረን።

ወዲያው አዳራሽ ተጠራን። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ምን ተሰረቀ?»

ተንታኙ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? እንኳን ሌባውን መሰረቃችሁንም አላወቃችሁም። የረቀቀ ሌባ ማለት ይሄ ነው።»

«ዕቃዬ ሁሉ አለ እኮ!»

«እንደዚያ እንዲመስልህ ነው የሚፈልገው።»

አዳራሹ በድንጋጤ ተንጫጫ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ መኖሩ ጭራሽ አስፈራው። ያኔ ከንቲባው ተነሡ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው! ሌባ በበር ይገባል፤ በር በቁልፍ ይከፈታል። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ የሁላችሁም በር ተቆልፎ ቁልፉ በማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ይቀመጣል» ሲሉ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ተንታኙም የቁልፍ ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ከነመኪናው ተሾመ። ለዕውቀት ክብር መስጠት እንዲህ ነው።

እምቢ ያለችው አክስቴ ብቻ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ሥራዋ ያለው እቤቷ ነው፤ በሩ ከተቆለፈባት ጦሟን ማደሯ ነው። እኔም ለወገን በማሰብ ልመክራት ሄድኩ።

«አክስቴ፣ ለራስሽ ደኅንነት እኮ ነው።»

«ከማን?»

«ከሌባው ነዋ!»

«አይተኸዋል?»

«አይታይም። ችግሩም እሱ ነው።»

«ቁልፍህን የወሰደውንስ አየኸው?» ብላ ክሯን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ መክተቷን ቀጠለች። አዘንኩላት። ያልነቃ ሰው ሲያዩት አንጀት ይበላል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከንቲባውን ደግፈን ከሰልፍ ስንመለስ ዶፍ ዝናብ ወረደብን። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሮጥን። ዘበኛው «ሰኞ ኑ» አለን።

«ታዲያ ቤታችን በምን እንግባ?»

«እናንተ ባለቤቶቹ መግባት ካቃታችሁ ሌባው እንዴት ይገባል? እስቲ አስቡት!»

አሰብነው። እውነቱን ነው። እየበሰበስን አመሰገንነው።

ክፍት የነበረው የአክስቴ በር ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ተጠቀጠቀ። ልጆቹን ባልተሰፋ ጨርቅ ጠቀለለች፤ ለእኛም ሻይ አፈላች። ፀጉር አስተካካዩ ሞቅ ሲለው ማሰብ ጀመረ።

«ቆይ እንጂ፣ ከከተማው ሰው ሁሉ ቁልፍ በእጇ ያለው እሷ ብቻ አይደለችም?»

ሁላችንም ከሻያችን ቀና አልን።

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለች አክስቴ። «በገዛ ቤቴ ተቀምጣችሁ?»

ከንቲባው ከነተንታኙ ተጠርተው ደረሱ፤ ቁልፏ ይወሰድ የሚለው ጉዳይም ዲሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ ለድምፅ ቀረበ። አፈርኩ፤ እጄ ግን ከኔ ቀድሞ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ተንታኙ ቁልፏን ተረክቦ ሁላችንንም በክብር ካስወጣ በኋላ በሩን ቆለፈ።

ዝናቡ አላባራም። አክስቴ ያልጨረሰችውን ቀሚስ አቅፋ አጠገቤ ቆማለች፤ እኔን ዘግታኛለች። እኛ ግን ኮራን፤ ከእንግዲህ በከተማችን ሌባ ሊገባበት የሚችል ቤት የለም። ከንቲባው በመኪናቸው መስኮት «በሰላም እደሩ!» ብለውን ሄዱ።

አክስቴ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «እሳቸው የት ሊገቡ ነው?»

«እቤታቸው ነዋ!»

«በምን ቁልፍ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ተቆጣት። «ምን ነካዎት እትዬ! እሳቸውም እንደኛ ውጭ ካደሩ እኛን ማን ሊጠብቀን ነው?»